ክረምትን በሰፈር ቤት ማሳለፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ፣ ከግንፍሌ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው ተወልጄ ያደግሁት። አምስት ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበት የቀበሌ ግቢ ነው። ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መሃል ላይ አንድ የውሃ ቧንቧ። ሰኔ በገባ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ከድሬዳዋ የሚመጣ የአክስት ልጅ አለ። ከውጭ ልጆቿን ይዛ የምትመጣ እህት አለች። ግቢያችን ውስጥ አዲስ የተከራየ ሰውም አይጠፋም። ጥያቄያቸው ከዓመት ዓመት ያው ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ላይ ጻፍኩት። ጊዜ ከሌላችሁ ስለ ፈርኔሎ ያለውን ብቻ አንብቡ። እሱን ግን አደራ፣ ሳታነቡ አትለፉ።

ክረምት መቼ ይገባል? መቼስ ይወጣል?

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን በሙሉ ክረምት ይሉታል። የሰፈር ሰው ቀን አይቆጥርም። ሰኔ 30 ልጆች ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው እየሮጡ ሲገቡ እኛ ቤት ክረምት ገባ።

ከባዱ ሐምሌና ነሐሴ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ግማሽ የሚጠጋው በእነዚህ ሁለት ወራት ይወርዳል። ጠዋት ብዙ ጊዜ ገለጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ጉዳይ ያለው ሰው በጠዋት ይጨርስ።

እህቴ «ክረምት ላይ እመጣለሁ» አለችኝ። እነሱ አገር ክረምት በረዶ አይደል እንዴ?

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ሰው ያጣላል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በረዶ የሚወርደው በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እኛ በጋ ላይ ነን። ሐምሌ እነሱ ፀሐይ የሚሞቁበት ወር ነው፤ ትምህርት ቤታቸውም የሚዘጋው ያኔ ነው። እኛም የምንዘጋው በሐምሌ ስለሆነ የእረፍቱን ጊዜ «ክረምት» ብለን ለምደነዋል። እህትሽ «ክረምት ላይ» ካለች የምትመጣው ዶፉ ላይ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ንገሪያት። ሻንጣዋን በስስ ልብስ እንዳትሞላው። ለልጆቹ ሹራብ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ ትያዝ። ጋቢውን እዚህ ከሽሮ ሜዳ እንገዛላቸዋለን። ደግሞ በወር ስም ተነጋገሩ። «ሐምሌ 10 እደርሳለሁ» ካለች ማንም አይሳሳትም።

አዲስ አበባ በረዶ ይጥላል?

አዎ፣ ይጥላል። ግን አማርኛችን ለሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም ሰጥቷል። እኛ ጋ የሚወርደው ጠጠሩ ነው። በቴሌቪዥን የምታዩት፣ እንደ ባዘቶ ዝም ብሎ የሚወርደው ሌላ ነው። እሱ ሳይቀልጥ መሬት እንዲደርስ አየሩ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። አዲስ አበባ በሐምሌ እኩለ ቀን 20 ዲግሪ ገደማ ናት። ስለዚህ አይደርስም። በአገራችን እሱን ማየት የፈለገ የሰሜን ተራሮችን ከፍታ መውጣት አለበት፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እዚያም የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው።

የኛው ጠጠር አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ጥቁር ደመና ውስጥ ወደ ላይ የሚነሳ ኃይለኛ ንፋስ አለ። የውሃውን ጠብታ ይዞት ይወጣል። ላይ ሲደርስ በረዶ ይሆናል። በላዩ ላይ ሌላ ውሃ እየተለጠፈ ይወፍራል። ንፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይለቀዋል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት። ቆላ ቢሆን መንገድ ላይ ይቀልጥ የነበረው እዚህ ጠጠር እንደሆነ ጣሪያ ላይ ይደርሳል።

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆኖ መስማት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ቆሎ ጣሪያው ላይ የተበተነ ይመስላል። ጸጥ ይላል። ከዚያ ኩንታሉ ይዘረገፋል። የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ታያለህ እንጂ ድምፅ አትሰማም። እናቴ በእጇ ወደ ጥግ እየጠቆመች «ባልዲውን! ባልዲውን!» ስትል የምረዳት ከከንፈሯ ነበር። ሲያባራ በሩን እንከፍታለን። ግቢው ነጭ ነው። የአያቴ ጎመን ቅጠል በቅጠሉ ተበሳስቶ አጎንብሷል። አሸንዳው ሥር ክምር አለ። ወንድሜ በጣሳ ያፍሳል፣ እኔ ስኳር እሰርቃለሁ፣ እዚያው ቆመን እንበላዋለን። አያቴ በጋቢዋ እንደተጠቀለለች ከበሩ ላይ «ኧረ ጥርሳችሁን! ኧረ ጉሮሯችሁን!» ትላለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ውሃ ይሆናል።

በረዶው ሲያባራ ልጆቹ እየለቀሙ እናንተ አሸንዳውን እዩት። ጠጠሩና የረገፈው ቅጠል አንድ ላይ ይደፍነዋል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ቤት ይመለሳል።

በጣም የሚበርደው ሐምሌ ነው?

አይደለም። የሌሊቱ ብርድ የሚከፋው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን ያጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይሄዳል። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነን ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። የክረምት ችግሩ ቀኑ አለመሞቁ ነው። ፀሐይ የለም፣ ግድግዳው ርጥብ ነው፣ ልብሱ ርጥብ ነው። በታኅሣሥ ሌሊት ብንንቀጠቀጥ ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እንሞቃለን። በሐምሌ እሱ የለም።

በረዶ አገር የሚኖር ዘመዴ እኛ ቤት «በረደኝ» ይላል። እውነቱን ነው?

እውነቱን ነው። አትሳቁበት።

በስዊድን ወይም በኖርዌይ ገጠር የሚኖር ሰው ውጭ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ቤቱ ውስጥ በስስ ሸሚዝ ይቀመጣል። ግድግዳው ሙቀት እንዳያስወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው። በእንጨት የሚሞቁ ከሆነ እንጨቱን ከበረዶው ብዙ ወራት አስቀድመው ፈልጠው፣ ከድነው አድርቀውታል። ምድጃው ጭስ ማውጫ አለው። የነደደው ሁሉ በጣሪያ በኩል ይወጣል። ብርዱ የሚያገኛቸው ከቤት ሲወጡ ነው።

እኛ ጋ ግልብጥ ነው። ቤታችን ማሞቂያ የለውም። ጭቃው ግድግዳ ርጥበት ይመጥጣል፤ ቆርቆሮው ሙቀት አይዝም። ውጭ ያለው 12 ዲግሪ ውስጥም 12 ነው። ሰው ብርዱን የሚከላከለው በልብስ ነው። ስለዚህ እንግዳው ቤት ሲገባ ጃኬቱን እንዳያወልቅ ንገሩት። የልምድ ነገር ሆኖ ያወልቃል፣ ከዚያ ይታመማል። ጋቢ ስጡት። ጋቢ አራት ንብርብር ነው፤ በመሃሉ የያዘው አየር ነው የሚያሞቀው። ጭቃ ቤት ውስጥ ከእሱ የተሻለ ነገር አላየሁም።

ክረምት ሳይገባ ምን ምን ይዘጋጅ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ግንቦት ላይ ጀምሩ።

መጀመሪያ ጣሪያ። ፀሐይ ባለበት ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ወደ ላይ እዩ። ኮርኒስ ከሌለ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ይታያል። ኮርኒስ ካለ ያለፈው ዓመት ቡናማ እድፍ ይመራችኋል። ትንንሹ ቀዳዳ በካትራሜ ይደፈናል። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የሚስማሩ ሥር ነው፤ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሚስማሩን ነቅሎ ከነአዲስ ጎማው መምታት ነው። ቆርቆሮው ከዛገ ግን መለጠፍ ትርፉ ድካም ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ደህና አሮጌ ቆርቆሮ ይገኛል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ጣሪያ ከመቀየራችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ።

ከዚያ አሸንዳና ቦይ። የእኛ ግቢ ሰው ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ እሁድ ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል። አካፋ ያለው አካፋ፣ የሌለው ባልዲ ይዞ ይመጣል። ከቦዩ የሚወጣውን አይቶ የማያዝን የለም፤ ላስቲክ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ። ዝናቡ አይደለም ቤታችን ውሃ የሚያስገባው። እኛ የጣልነው ቆሻሻ ነው።

የጓዳው ዝግጅት የእናቶች ነው ይባላል፤ እኔ ግን ወንዶቹም ቢያውቁት ደስ ይለኛል። በርበሬና ሽሮ ፀሐይ ሳትጠፋ ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ተፈጭቶ መግባት አለበት። ሐምሌ ላይ የተሰጣ በርበሬ አይደርቅም። ሳይደርቅ የተፈጨ ደግሞ ይሻግታል፤ የሻገተውን መጣል እንጂ አብስሎ መብላት የለም። ድርቆሽ ማድረቅም ያኔ ነው። ከሰሉንም በሰኔ መጀመሪያ ግዙ። ክረምት ላይ ይወደዳል፤ ማዳበሪያውም ውሃ ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ግዙና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ጣውላ ላይ አስቀምጡት።

ዝናቡ እየወረደ ጣሪያው ቢያፈስስ?

ጣሪያ ላይ አትውጡ። ርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ መብረቅም አለ። ባልዲ ደቅኑ፣ አልጋውን አንሱ፣ ውሃው በመብራት ገመድ በኩል የሚወርድ ከሆነ ቆጣሪውን አጥፉ። ዝናቡ ጋብ ሲል ሸራ ወይም ላስቲክ ጣል አድርጉበት፤ ድንጋይ ጫኑበት። ዋናውን ጥገና ለፀሐይ ቀን ተዉት።

ፈርኔሎ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት ይቻላል?

አይቻልም። ለአንድ ሌሊትም ቢሆን። ለአራስም ቢሆን። ለታመመም ቢሆን።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሐምሌ ነው፤ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቧል። ማታ እናቴ ቡና ካፈላች በኋላ ፈርኔሎውን አልጋው ግርጌ አስጠጋችው። የበሩን ሥር በአሮጌ ጨርቅ ወተፈችው፣ ብርድ እንዳይገባ። መስኮቱ ከፊቱም በላስቲክ ተለብጧል። ፍሙ ቀልቶ ያምራል። ጭስ የሚባል ነገር የለውም። አራታችንም ደስ ብሎን ተኛን።

ሌሊት ራሴን እየፈለጠኝ ነቃሁ። እህቴ ታስመልሳለች። እናቴ ልታነሳት ስትል ጉልበቷ ከዳት። «እራቱ ነው ያልተስማማን» አለች። ማናችንም ከሰሉን አላሰብንም። ያተረፈን አያቴ ሽንት ቤት ለመሄድ መነሳቷ ነው። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ላይ ነው። ጨርቁን በእግሯ ገፍታ በሩን ከፈተች። ከደፉ ሳታልፍ ተንገዳግዳ እዚያው ቁጭ አለች። በሩ እንደተከፈተ ቀረ። ዝናቡ በአያቴ ትከሻ ላይ እየወረደ ቀዝቃዛው አየር ገባ። ያ አየር ነው ለዛሬ ያበቃን። ጠዋት እናቴ ፈርኔሎውን ግቢ አውጥታ ለብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ በኋላ አንድም ሌሊት ከኛ ጋር አላደረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ስንተነፍሰው ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ይይዘዋል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል። አንጎልና ልብ አየር ያጣሉ። የተኛ ሰው ራስ ምታቱ እንኳ ሳይቀሰቅሰው ሊሄድ ይችላል።

ብዙ ሰው «ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ሲያልቅ ነው የማስገባው» ይላል። ጭሱ አልቋል፤ ጋዙ አላለቀም። የቀላው ፍም ነው እሱን የሚያወጣው። አመድ ለብሶ የተዳፈነውም ያወጣል። እጣን ማጨስ፣ ጨው መበተን ጋዙን አያጠፋውም። መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርጎ መተኛትም አያስተማምንም።

የምናደርገው ይህ ነው። እስክንተኛ ድረስ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ፈርኔሎው ደጃፍ አጠገብ ይነዳል። ውሃ እናፈላበታለን። የፈላው በረድ ሲል በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተን፣ በካልሲ ጠቅልለን ብርድ ልብሱ ውስጥ እግር ሥር እናስገባለን። ጠርሙሱ የፈላ ውሃ ስለማይችል ለብ ያለ ይሁን። ፍራሹ ሥር ካርቶን እናነጥፋለን፤ ብርዱ ከወለሉ ነው የሚመጣው። ከዚያ ፈርኔሎው ውጭ ይወጣል፤ ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ በሩ አጠገብ ሳይሆን ራቅ ብሎ። ልጆቹ ካልሲያቸውን አድርገው ይተኛሉ። ይበቃል። በዚህ ሠላሳ ክረምት አልፏል።

ሰው በከሰል ታፍኖ ቢገኝስ?

በርና መስኮት ክፈቱ። ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ፤ ዝናብም ቢሆን አውጡ። እናንተም ውስጥ አትቆዩ። ወተት ፍለጋ፣ ሎሚ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፤ የሚያድነው ንጹሕ አየርና ሐኪም ቤት ያለው ኦክስጅን ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታስገቡ። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ በ939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት ይገኛል። ቁጥሮቹን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው መጀመሪያ ከሰሉን ጠርጥሩ።

ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ይህ ሁሉ ለኛም ነው?

ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ብዙ ሰፈር ሲፈርስ አብረውን ያደጉ ሰዎች ርቀው ገብተዋል። ስለ ጣሪያና ቦይ የጻፍኩት ለእነሱ አይሆንም። የፈርኔሎው ግን ይብሳል። ጭቃ ቤት ቢያንስ ስንጥቅ አለው። ብሎኬቱና የብረት መስኮቱ ግጥም ብሎ ይዘጋል። ኮሪደር ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፍም አስቀምጣችሁ አትደሩ።

የእንጀራው ሊጥ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

እርሾው ሙቀት ይፈልጋል። በበጋ በሦስት ቀን የሚደርሰው በሐምሌ አንድ ቀን ሊጨምር ይችላል። አትቸኩሉ። ስታቦኩ ለብ ባለ ውሃ ይሁን። እርሾውን ከወትሮው ጨመር አድርጉ። ዕቃውን ከሲሚንቶ ወለል አንስታችሁ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። እናቴ ከጋገረች በኋላ ምጣዱ ሳይበርድ የሚቀጥለውን ሊጥ አጠገቡ ታስቀምጠዋለች። አብሲቱን አትዝለሉ፤ ትኩስ ሆኖ ሲገባ ሊጡን ያነቃዋል። ኩፍ ሳይል የተጋገረ እንጀራ ዓይን የለውም። እንደ ቂጣ ይሆናል፤ ሽሮውም አይገባበትም።

ልብስ አይደርቅም። ይሸታል።

ጠዋት ሲገለጥ አጥባችሁ አስጡ፤ በጥቂት በጥቂቱ። ትልቁን ብርድ ልብስ ለመስከረም አቆዩት። ፈርኔሎ ላይ ልብስ አንጠልጥላችሁ አትሂዱ፤ ስንት ቤት የተቃጠለው በዚህ ነው።

ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው። ምን ላድርጋቸው?

ተዉአቸው፣ ይጫወቱ። ገለጥ ሲል ይውጡ። ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ሲሆን «ጅብ ወለደች!» እያሉ ግቢውን ይዞራሉ፤ ያንን ማንም አይከልክላቸው። የቦይ ውሃ ላይ ግን ወረቀት ጀልባ አታስለቅቋቸው። የቦዩ ውሃ ከሽንት ቤት የሚመጣ ይቀላቀልበታል። ወንዝ ዳር ደግሞ በፍጹም። ግንፍሌም ቀበናም ላዩ ላይ ጸጥ ብለው፣ እንጦጦ ላይ በዘነበው በደቂቃዎች ይሞላሉ። እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሲመጣ አይቻለሁ። የጎርፍ ውሃ ጉልበት ከደረሰ አዋቂም አይሻገረው።

ቤት ውስጥ ካርታ አለ፣ ዳማ አለ፣ ገበጣ አለ። አያት ካለች ተረት አለ። የእኛዋ ድንች ቅቅል እየላጠች ነበር የምትነግረን። ተረቱ መሃል ላይ ሲደርስ መላጧን ታቆማለች። ድንቹ እንዲቀጥል ተረቱ እንዲያልቅ እንለምናለን። ሚጥሚጣው በትንሽ ሳህን መሃላችን ነው። ከውጭ የመጡት የእህቴ ልጆች ስልካቸው ባትሪ ጨርሶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ የሰሙትን አንድ ተረት እስካሁን እየደወሉ ይጠይቃሉ።

ጉንፋን ያዘን። ጤና አዳም ወይስ ሐኪም ቤት?

ለአዋቂ ጉንፋን ዝንጅብል ሻይ፣ ማር በነጭ ሽንኩርት፣ ትኩስ አጥሚት ጥሩ ነው። እናቴ ዳማ ከሴ ትጨምቃለች። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ሕፃኑ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ የቤት መድኃኒት አትሞክሩ። በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን።

አዲስ ተከራይ ነኝ። ከግቢው ሰው ጋር እንዴት ልኑር?

ቡና ሲጠሩሽ ሂጂ። ክረምት ላይ ቡና ተራ ነው፤ ዛሬ እትዬ ቤት፣ ነገ አንቺ ቤት። ሁሉም የየራሱን ከሰል ከሚያነድ አንዱ ቤት ይነዳል፣ ሌላው ቆሎ ይዞ ይመጣል። ቦይ ሲጠረግ ውጪ። ዝናብ ሲጀምር የጎረቤትሽ ልብስ ገመድ ላይ ካለ አንቺው አንሺው፤ ያንቺንም ያነሱልሻል።

ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካሉ ጠዋት በራቸውን አንኳኩ። «እንዴት አደሩ ጋሼ?» ማለት ጊዜ አይወስድም። በክረምት ጠዋት በሩ ካልተከፈተ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። የእኛ ግቢ ሰው ይህን ከእድር ደንብ በላይ ያከብረዋል።

በፍልሰታ ምን ይበላል?

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ፣ የባቄላ ንፍሮ። ብርዱ ሳያንስ ጾሙ ተጨምሮ ለሚከብዳቸው በሶ በማር ጥሩ ይይዛል። ከአሥራ አምስቱ ቀን የምወደው 12 ማታ ነው። በማግስቱ ቡሄ ስለሆነ ከየቤቱ የሙልሙል ሽታ ይወጣል። ልጆች ጅራፋቸውን ያጮኻሉ። እንደ ዱሮው ባይሆንም ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች አሁንም በራችን ላይ ይመጣሉ፤ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ። ሙልሙል አዘጋጁላቸው። ገንዘብ ብቻ አትስጡ።

ክረምቱ አለቀ የሚባለው መቼ ነው?

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። እውነት ነው፣ ከቡሄ በኋላ ሰማዩ መልኩን ይቀይራል። ግን ሸራውን ከጣሪያ ላይ አታውርዱ፤ መስከረምም ይዘንባል። የበቆሎ እሸት መንገድ ዳር ሲጠበስ፣ ሴቶቹ በማራገቢያ ፍሙን ሲያርገበግቡ ስታዩ ግን ወደ ማለቁ ነው።

ለእኔ ምልክቱ ጳጉሜን 3 ነው። የሩፋኤል ዕለት የሚወርደው ዝናብ ጸበል ነው ይባላል። እናቶች ባልዲና ሳፋ አሸንዳው ሥር ይደቅናሉ። ለሊጥ ከውሃው ይጨምራሉ። ሐምሌን በሙሉ «ከዝናብ ግቡ!» ሲባሉ የከረሙ ልጆች ያን ቀን ልብሳቸውን አውልቀው እንዲወጡ ይፈቀድላቸዋል። አምና የእህቴ ትንሹ ልጅ ቁምጣውን ብቻ ለብሶ አሸንዳው ሥር ቆመ። ውሃው አናቱ ላይ ሲወርድበት ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ «እማዬ፣ ነይ!» ብሎ ጮኸ። እህቴ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ወጣች።